ጓሳ ለምን አላለቀም?

ጓሳ መጀመሪያ የሣር ስም ነው። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ከመንዝ ውጭ ያደግን ሰዎች ሣር ሲባል የከብት መኖ ብቻ ይታየናል። ለመንዝ ሰው ግን ጓሳ ጣሪያ ነው፤ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ በደንብ የከደኑት ቤት ብዙ ክረምት ያሳልፋል። ጓሳ ገመድ ነው፤ ጭነትም ከብትም ይታሰርበታል። ጓሳ ልብስም ነው፤ እረኛው በሐምሌ ዶፍ ውስጥ ደርቦት የሚውለው ገሳ ከእርሱ ይሠራል። የተረፈው መጥረጊያ ይሆናል። ከአንድ ሣር ይህን ሁሉ የሚያወጣ ሕዝብ ሣሩን እንዴት እንደያዘው ማወቅ ታሪክ ነው፤ የነገሥታቱን ያህል ባይጻፍለትም።

ሣሩ የሚበቅለው በሰሜን ሸዋ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ ባለው ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማበር ጋ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞ በኩል ይደርስበታል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አያቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ከከፈሉ በኋላ ከሁሉም በላይ ለቀረው ቀዝቃዛ ምድር ውርጭ የሚል ስም ሰጥተውታል። ጓሳ ውርጭ ነው። በበጋ ሌሊት ውኃ ይረጋል፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ በድንገት ይቆረጥና ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። በዚያ ጠርዝ ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ ወደ አዋሽ ይሄድና ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ይቀራል፤ ሌላው ወደ ምዕራብ ፈስሶ ከዓባይ ጋር አገር ያቋርጣል። ሣሩ እንደ ስፖንጅ ውኃ ስለሚይዝ ከታች ያለው ገበሬ በበጋም ምንጭ አለው።

ዛሬ ወጣቶች ጓሳን የሚያውቁት በፎቶ ነው። ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ በሣር መካከል የሚሄድ ቀይ ቀበሮ፣ በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ የሚታይ ጅብራ። ከፎቶው ሥር ብዙ ጊዜ «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» የሚል ይጻፋል። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህ አባባል ነው። ጓሳን ሰው ነክቶታል። ወደ 400 ዓመት ገደማ አጭዶታል፣ ከብት አግጦበታል፣ ጨረንፌውን ለማገዶ ለቅሞበታል። በዙሪያው ያለው ተዳፋት ሁሉ ታርሶ፣ ተሸርሽሮ፣ ድንጋዩ ፈጦ ሳለ ጓሳ ግን አለ። ጥያቄው እንግዲህ ሌላ ነው፤ ይህን ያህል ሰው እየተጠቀመበት ለምን አላለቀም?

በአካባቢው የሚነገረው ታሪክ በሁለት ሰዎች ይጀምራል፤ በአስቦና በጌራ። ሁለቱ አቅኚ አባቶች ይባላሉ፤ መሬቱን መጀመሪያ ያቀኑ፣ የተከታዩ ትውልድ የርስት ቆጠራ ከእነርሱ የሚነሣ ማለት ነው። ዘመኑ 17ኛው መቶ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ጓሳን የተካፈሉትም በፈረስ ግልቢያ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ግልቢያውን እንደ ተረት ብትወስዱት አልከራከርም፤ ክፍፍሉ ግን ተረት አይደለም። የጓሳ ሁለት ክፍሎች እስከ ቅርብ ዘመን አስቦና ጌራ ተብለው ሲጠሩ ኖረዋል፤ ወረዳው ራሱ ዛሬም መንዝ ጌራ ምድር ይባላል።

ከእነዚህ ሁለት አባቶች የሚወለድ ሁሉ በጓሳ ላይ አፅመ ርስት ነበረው። አፅመ ርስት ማለት በትውልድ የሚገኝ፣ ግን ማንም ለብቻው ቆርሶ የማያርሰው የጋራ መብት ነው። መብቱን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። (ቃሉ በቅርብ ዓመታት የምናውቀውን ሌላ ነገር ቢያስታውሳችሁም የመንዙ ቄሮ ከዚያ ጋር ዝምድና የለውም።) ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ስሙም አባ ቄራ ነው። አባ ቄራ ጓሳን ይዘጋል፣ ይከፍታል። ሥራው ይኸው ነው፤ ግን የአገሩ ኑሮ በዚህ ሥራ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጓሳ አንዴ ከተዘጋ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ማጭድ ይዞ መግባት የለም፤ ከብት መንዳት የለም፤ ማገዶ መልቀም የለም። ወንዶቹ ተራ ገብተው ይጠብቁታል። ሣሩ ደርሷል ሲባል ቀኑ ይቆረጥና ለሁሉም ይነገራል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በበጋው ማብቂያ ነው፤ ከየካቲት ወዲህ፣ የሜዳው ግጦሽ አልቆ ከብቱ አጥንቱ ሲቆጠር። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይገባል። ዝናቡ ጠንክሮ ሲይዝ ሁሉም ይወጣና ጓሳ እንደገና ይዘጋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚያስደንቀኝ ሁሉም በአንድ ቀን መግባቱ ነው። ነገሩን በአንድ ድሃ ገበሬ ዓይን ተመልከቱት። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሣሩ ደግሞ በዓይኑ ፊት ቆሟል። «እኔ ስጠብቅ ጎረቤቴ በሌሊት ገብቶ ቢያጭደውስ?» ብሎ ያስባል። ጎረቤቱም ስለ እርሱ እንዲሁ ያስባል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ግን ሁለቱም ሲፈሩ ሣሩ ገና ለጋ ሳለ ያልቃል። ቄሮ ይህን ፍርሃት ነበር ያነሣላቸው። ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል፤ ከዚያ በፊት ማንም አይገባም፤ የሚጠብቅ ሰው ሞኝ ሆኖ አይቀርም። የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ መጨረሻው መራቆት ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። መንዞች ይህን ክርክር ሳይሰሙ መልስ ሰጥተውበታል።

መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡ በዘሌዋውያን 25 ያለው የምድር ሰንበት ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። ተመሳሳይነቱ ያለ ነው፤ ልዩነቱ ግን ይበልጥ ያስተምረኛል። በዚያ ዕረፍቱ በቁጥር ታስሯል፤ ሰባተኛው ዓመት ሲደርስ ምድሪቱ ታርፋለች። በጓሳ የዓመቱን ልክ የሚወስነው ሣሩ ነበር። ዝናብ ያነሰ እንደሆነ ሣሩ ይዘገያል፤ ሰዎቹም አብረውት ይዘገያሉ። ስለዚህ አባ ቄራ ሣር ማንበብ የሚችል ሰው መሆን ነበረበት፤ ትዕዛዝ መስጠት ብቻውን አይበቃውም።

የድሮውን ነገር ሁሉ ማር አድርጎ መተረክ ግን ልማዴ አይደለም። ቄሮ ከባድ ቅጣት ነበረው። በተዘጋ ጊዜ የገባ ወይም የጥበቃ ተራውን ያጎደለ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ጣሪያው ጓሳ የሆነ ቤት እንዴት እንደሚነድ ገምቱ። ደግሞም መብቱ የትውልድ መብት ነው፤ ዘሩ ከአስቦ ወይም ከጌራ የማይቆጠር ሰው በጓሳ ዙሪያ እየኖረ ከጓሳ ምንም አልነበረውም። ሣሩን ያዳነው አጥር ብዙ ሰውንም ውጭ አስቀርቷል። ይህን ሳንናገር ስለ አባቶች ጥበብ ብቻ ብንጽፍ ግማሹን ታሪክ እንደብቃለን።

ውጭ የቀሩት ሰዎች ቀን መጣላቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ለሕዝብ ያደረገውን አዋጅ አወጀ። ርስት ቀረ። ርስት ሲቀር አፅመ ርስትም ቀረ፤ አፅመ ርስት ሲቀር ደግሞ አባ ቄራ የሚቆምበት መሬት አጣ። በምትኩ የገበሬ ማኅበራት መጡ። ለብዙ ጭሰኛና መሬት አልባ ይህ አዋጅ የነፃነት ቀን ነበር፤ ይህንንም መካድ አይገባም። ለጓሳ ግን ክፉ ጊዜ ሆነ። ከዚያ በፊት ያልነበራቸው ሁሉ ድርሻችን ይሰጠን አሉ፤ የነበራቸውም እነርሱ ሳይቀድሙን አሉ። ያ የድሮው ፍርሃት ተመልሶ መጣ። ማጭዱ ያለ ቀኑ ገባ፤ ከብቱ ክረምት ከበጋ ዋለበት፤ እርሻው ከሥር ወደ ላይ መሬቱን መቦርቦር ጀመረ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሊያበቃ ይችል ነበር። በአገራችን ስንት ደን በዚህ ዓይነት እንዳለቀ ታውቃላችሁ። የመንዝ ገበሬዎች ግን የጠፋው ምን እንደሆነ ገባቸው። በጓሳ ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት ተሰብስበው የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መዝጋትና መክፈት እንደገና ተጀመረ። የተለወጠ ትልቅ ነገርም ነበር። መብቱ ከዘር ቆጠራ ወጥቶ በቀበሌ ነዋሪነት ሆነ። ቅጣቱም ከቤት ማቃጠል ወደ ገንዘብና ወደ ሸንጎ ወረደ። ሥርዓቱን አጥንተው ታሪኩን በጽሑፍ ካስቀመጡልን መካከል ዘላለም ተፈራ ይገኙበታል፤ ከእርሳቸው ሥራ የሚታየው ማኅበረሰቡ የቄሮን ሐሳብ ይዞ ቅርጹን እንደ ዘመኑ እንደቀየረው ነው። ቆይቶም የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው የጥበቃ ድርጅት ረዳቸው፤ የማኅበረሰብ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ከአካባቢው ተወላጆች ጥበቃዎች ተቀጠሩ፤ የአማራ ክልልም ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ለእንግዶች ማደሪያ የሚሆን የማኅበረሰቡ ሎጅም ተሠራ።

ከሰሜን ተራሮች ጋር ብታነጻጽሩት ልዩነቱ ይጎላል። ስሜን ከጓሳ ይልቅ በዓለም ዘንድ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን ፓርኩ ከላይ የተከለለ ነው። በደርግ ዘመን ከፓርኩ ግርጌ የነበሩ ሰዎች በግድ ተነሥተዋል፤ በእኛ ዘመንም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ቅርሱ «አደጋ ላይ ያለ» ተብሎ ተመዝግቦ ቆይቷል። ስሜንን ማቃለሌ አይደለም፤ ዋሊያ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ያለ ፓርኩም ዛሬ በፎቶ ብቻ እናየው ነበር። ሆኖም አንዱ ተራራ የተጠበቀው ሰዎቹን በማንሣት ነው፤ ሌላው የተጠበቀው በሰዎቹ ነው።

ሰዎቹ ለጣሪያቸው ብለው በጠበቁት ሣር ውስጥ ያልጠበቁት ነገር አደገ። ጭላዳ ዝንጀሮ ከዝንጀሮዎች ሁሉ ለየት ያለ ነው፤ ዋና ምግቡ ሣር ነው። ቀን ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር ሲነቅል ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ በድንጋይ ጠርዝ ላይ ያድራል። በጓሳ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች የጭላዳን መንጋ እየተከተሉ ያጠናሉ። ከጥናቶቹ አንዱ ቀይ ቀበሮን ይመለከታል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ ብዛቱም በጠቅላላ ወደ 500 ገደማ ብቻ የሆነ እንስሳ ነው። ምግቡ አይጥ ነው፤ የሚያድነውም ለብቻው ነው። ተመራማሪዎቹ ያዩት ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ቀስ ብሎ እንደሚሄድ፣ ግልገሎቻቸውንም እንደማይነካ፣ እነርሱም እንደማይሸሹት ነው። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ያህል ይቀናዋል፤ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ጊዜ። ምናልባት የመንጋው እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸው ይሆናል፤ ወይም በመንጋው ውስጥ ቀበሮው አይታያቸው ይሆናል። ግልገል ነክቶ ያንን ሁሉ አይጥ ከሚያጣ ግልገሉን ቢተወው ይሻለዋል፤ ቀበሮም ሒሳብ ያውቃል።

አሁን ወደ ዛሬው ጭንቀት ልምጣ። ቄሮ የቆመው በጣሪያ ላይ ነበር። አባቶች አምስት ዓመት የጠበቁት ቤታቸው እንዳያፈስ ነው። ዛሬ ግን በመንዝ መንደሮች ቆርቆሮ እየበዛ ነው። ቆርቆሮ የከደነ ሰው ለጓሳ ሣር እንደ አያቱ አይጨነቅም፤ ልጁም ማጨድ አይማርም። ማገዶው ግን አሁንም ያስፈልገዋል፤ ግጦሹም ያስፈልገዋል፤ መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ ያንን ሰፊ ሜዳ እያየ ገብስ ቢዘራበት ምን አለበት ይላል። ከእርሱ ጋር ሆኜ ሳስበው ጥያቄው ትክክል ነው። እንዲጠብቅ የሚያደርገው ምክንያት ምንድን ነው? ቀበሮ በዓለም ላይ 500 ብቻ ቀርቷል ብንለው «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ቢለን መልስ ሊኖረን ይገባል።

የመልሱ አንድ ክፍል፣ ትንሽ ክፍል ቢሆንም፣ እንግዳ ነው። የመግቢያው ክፍያ፣ የሎጁ ገቢ፣ የመንገድ መሪው አበል፣ የፈረስ ኪራይ፣ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ባና፤ እነዚህ ሁሉ በድሮው ጣሪያ ቦታ የሚገቡ አዲስ ምክንያቶች ናቸው። ጓሳን ለማየት የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ከአባ ቄራ ጋር ሥራ ገብቷል። ጥሩ እንግዳ ከሆነ መጠበቁ ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ክፉ እንግዳ ከሆነ ደግሞ ገበሬውን «የከተማ ሰው መጥቶ ሲያበላሸው እኔ ብቻ ለምን እከለከላለሁ?» ያሰኘዋል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ጓሳን ሊያጠፋ ምንም ካልቀረው ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

አንድ የወጣቶች ኅብረት አውቶቡስ ሞልቶ ጓሳ ሊሄድ አሰበ እንበል። ከመሄዱ በፊት የመንገዱን ሰላምና የማደሪያውን ነገር በአካባቢው ላለው ሰው ደውሎ ይጠይቅ፤ በእነዚህ ዓመታት መንገዱ ሁልጊዜ የሚያስኬድ አይደለም። ሲደርስ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ጥብቅ ሥፍራው ቢሮ ነው። ክፍያው ላይ መከራከር የሚወድ የኅብረት አስተባባሪ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ «እኛ የአገር ልጆች ነን፣ መንፈሳዊ ጉዞ ነው» ይላል። እንዲያ ሲል አጠገቡ የቆመው ጥበቃ ካለ በጋው ሙሉ የራሱን ጎረቤት ከሣሩ ሲመልስ የከረመ ሰው መሆኑን ያስብ። ጎረቤቱን ያስከፋበት ነገር በእናንተ ዘንድ የመግቢያ ዋጋ እንኳ ካላወጣ በምን ፊቱ ይመልሰዋል?

እሳት ላይ ጠንከር እላለሁ። በምሽት እሳት ዙሪያ መዘመር የወጣት ጉዞ ወግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በጓሳ ግን እሳቱ የሚነደው በምንድን ነው? ጨረንፌና አስታ በዚያ ብርድ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ የመንደሩ እናቶችም የሚለቅሙት በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ነው። እናንተ በአንድ ምሽት የምታነዱት የአንዲት እናት የሳምንት ማገዶ ሊሆን ይችላል። በበጋ ደግሞ ሣሩ ክብሪት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ስሜን ላይ እሳት ተነሥቶ ሰፊ ሣርና አስታ በልቷል፤ ለማጥፋት እስከ እስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥራት አስፈልጓል። ስለዚህ ጋቢ ደርባችሁ፣ ሎጁ በሚፈቅደው ቦታ፣ በራሳችሁ ማንደጃ ሻይ አፍልታችሁ ዘምሩ። ብርዱ ያንቀጠቅጣችኋል፤ መዝሙሩ አይበላሽም።

ለጭላዳ ዳቦ አትስጡ። ሣር በል እንስሳ ነው፤ ዳቦ የለመደ ጭላዳ ደግሞ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የገበሬውን የገብስ ማሳ ይወርራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ግልገል ካላቸው እናቶች ጋር ራስን ፎቶ ለማንሣት አትጠጉ። ትልቅ ድምፅ ማጉያ አትክፈቱ፤ ድሮንም አታስነሡ፤ መንጋው ከተበተነ ቀበሮው ያንን 67 ያጣል። ውሻ ይዞ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። በባሌ ተራሮች ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ በተለያዩ ዓመታት ተነሥቶ የቀይ ቀበሮ መንጋዎችን ጨርሷል፤ በጓሳ ያሉት ቀበሮዎች በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ የታመመ ውሻ ይበቃቸዋል።

መኪናው ከመንገድ አይውጣ። ርጥብ ሣር ላይ ያለፈ ጎማ የሚተወው ቦይ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይሄድበታል። በእግር ስትሄዱ መሪው በሄደበት ሂዱ፤ አቋራጭ ያለ ቢመስላችሁም እርሱ የማይሄድበት ምክንያት አለው። የላስቲክ ጠርሙሱን ይዛችሁት እንደመጣችሁ ይዛችሁት ተመለሱ፤ መሐል ሜዳ ላይ ጥላችሁት መሄድም ለከተማዋ ሸክም ማስተላለፍ ነው። ጅብራውን አትቁረጡ። እድሜ ልኩን አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ለፎቶ ብሎ የሰበረው ሰው የብዙ ዓመት ዕድገቱን ከነዘሩ ይወስድበታል።

ደግሞ ሰዎቹን እንደ ገጽታ አትለፏቸው። የመንዝ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲያገኟችሁ ሰላምታው ረጅም ነው፤ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የመጣችሁበትን አገር ይጠይቃሉ። ቆማችሁ መልሱላቸው። «አባባ፣ ድሮ ሲከፈት እንዴት ነበር?» ብትሏቸው እኔ እዚህ ከጻፍኩት የበለጠ ይነግሯችኋል፤ በዕድሜ ከገፉት መካከል የመክፈቻውን ቀን በልጅነታቸው ያዩ ይኖራሉ። ስልካችሁን አውጥታችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ድምፃቸውን ቅዱ። የቄሮ ታሪክ አብዛኛው የሚገኘው በእነርሱ አፍ ነው፤ እነርሱም እያለፉ ነው።

ወደ ሎጁ ስትመለሱ የምትሄዱበትን ሣር ተመልከቱት። ቁመቱ ጉልበት ከደረሰ ብዙ ጊዜ ሳይታጨድ ቆይቷል ማለት ነው። አጠገባችሁ ያለውን ጥበቃ መጨረሻ የተከፈተው መቼ እንደነበር ጠይቁት፤ ቀጥሎ የሚከፈተው መቼ እንደሆነም ጠይቁት። ሁለተኛውን ሲመልስ ወደ ሣሩ ጎንበስ ብሎ በእጁ ይለካዋል።